በካያክ ውስጥ እግር ሲደነዝዝ፦ ከትራስ በፊት የጭን ድጋፍ

ጥያቄ፦ የፕላስቲክ ካያክ (ውስጡ ተቀምጠው የሚቀዝፉት ጠባብ ጀልባ) አለኝ። ውሃ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየሁ በኋላ ቀኝ እግሬ ከመቀመጫዬ እስከ ጣቶቼ ድረስ ይደነዝዛል። ወፍራም ትራስ ብጨምርበትም ባሰበት እንጂ አልተሻለኝም። የካያኩን መቀመጫ ልቀይረው?

መልስ፦ ለመቀየር አይቸኩሉ። መጀመሪያ ትራሱን ያውጡና ካያኩን ሣር ላይ አድርገው፣ ልክ እንደሚቀዝፉ ሆነው ይቀመጡበት። ከዚያ መዳፍዎን ከመቀመጫው የፊት ጠርዝ አለፍ ብሎ ከጭንዎ ሥር ያስገቡ። እጅዎ እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ጭንዎ የሚያርፍበት አጥቶ ተንጠልጥሏል ማለት ነው፤ የሰውነትዎ ክብደትም በሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶችና በዙሪያቸው ባለው ሥጋ ላይ ብቻ ወድቋል። ሳያቲክ የሚባለው ትልቁ የእግር ነርቭ በመቀመጫ ጡንቻ ሥር፣ በእነዚሁ አጥንቶች አጠገብ አልፎ ወደ ኋለኛው ጭን ስለሚወርድ፣ ያ ጫና ሳይነሣለት ሲቆይ እግር እስከ ታች ሊደነዝዝ ይችላል። ትራሱ ያባሰብዎትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ መቀመጫዎን ከፍ ሲያደርገው ጭንዎ ይበልጥ ድጋፍ አጥቷል፣ ጀልባውም ስለሚወላውል እግርዎ ሳያስቡት ይወጠራል።

ስለዚህ ከፍ ማለት የሚያስፈልገው የጭንዎ ድጋፍ ነው። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ፎጣ ጠቅልለው ከጭኖችዎ ሥር ያድርጉና ብዙውን ጊዜ መደንዘዙ ከሚጀምርበት ሰዓት አልፈው ይቀመጡ። ከተሻለዎት ውሃ ከማይመጥ ጠንካራ ፎም፣ በጉልበት በኩል ወፈር፣ በመቀመጫው በኩል ሳሳ ያለ ድጋፍ ይቁረጡ። የፍራሽ ስፖንጅ ለዚህ አይሆንም፤ ውሃ ይጠጣል፣ ክብደት ሲያርፍበትም ይሟሽሻል። ፎሙ ከጉልበት ማጠፊያ ቀደም ብሎ ማለቅ አለበት፤ የደም ሥሮችና ነርቮች እዚያ ለቆዳ ቀረብ ብለው ስለሚያልፉ እንዳይጫናቸው። ካያክ የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን ሙጫ እንደ ልብ የማይይዘው ፕላስቲክ በመሆኑ፣ ፎሙን በማጣበቅ ብቻ ከመተማመን ከመቀመጫው ቅርጽ ጋር አመሳስሎ ቆርጦ በማሰሪያ ማጥበቅ የበለጠ ያዛልቃል።

ድጋፉ ከተስተካከለ በኋላ ወደ ጀርባ መደገፊያውና ወደ እግር መርገጫው ይለፉ፤ ከዚያ በፊት ቢነኳቸው እንደገና መነካካትዎ አይቀርም። መደገፊያው ዝቅ ብሎ ወገብዎን ቀጥ አድርጎ ሊይዝዎት ይገባል። ወደ ኋላ ተለጥጠው ከተቀመጡ ዳሌዎ ይንሸራተትና ክብደትዎ የማይገባው ቦታ ላይ ያርፋል። መርገጫው በጣም ከራቀ እግርዎ ተዘርግቶ የኋላ ጭንዎ ይወጠራል፤ በጣም ከቀረበ ደግሞ ጉልበትዎ ተነሥቶ ጭንዎ ከድጋፉ ይላቀቃል። ጉልበትዎ በመጠኑ ታጥፎ ወደ ውጭ ሲከፈትና በሚቀዝፉበት ጊዜ መርገጫውን መግፋት፣ ሲያርፉ ደግሞ እግርዎን ማላላት ሲችሉ ልክ ነው።

የሚደነዝዘው አንዱ እግር ብቻ መሆኑን ችላ አልለውም። የቀኙና የግራው መርገጫ እኩል ርቀት ላይ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ የኋላ ኪስዎ ውስጥ ቦርሳ ወይም ስልክ ካለም ያውጡ። የሚደነዝዘው ከቁርጭምጭሚት በታች ያለው የእግርዎ የላይኛው ገጽና የቅልጥምዎ ውጫዊ ጎን ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ጥርጣሬዬ ሌላ ይሆን ነበር፤ ከጉልበት ዝቅ ብሎ በውጭ በኩል ጎላ የሚለውን አጥንት የሚዞረው ነርቭ ከካያኩ ግድግዳ ጋር ሲጣበቅ እንዲህ ያደርጋልና፣ መፍትሔው የነካውን ቦታ ማራቅ ነው።

ማንኛውንም ፎም ከጨመሩ በኋላ፣ ሰው አጠገብዎ ቆሞ፣ በተረጋጋ ውሃ ላይ ካያኩ ሲገለበጥ ከውስጡ መውጣት መቻልዎን ይፈትኑ። ድጋፉ እግርዎን ትንሽ እንኳ ከያዘ ሳስቶ መቆረጥ አለበት። ከካያኩ ከወጡ በኋላም መደንዘዙ ካልለቀቀዎት ወይም የእግርዎን ጫፍ ማንሣት ካቃተዎት ሐኪም ሳያዩ ወደ ውሃ አይመለሱ። በሁለቱ ጭኖች መካከል ያለው አካል ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካስቸገረዎት ደግሞ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።