የት ሰነበተ? ለጀማሪ የጤና ባለሙያዎች

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ተመራቂ «ሆስፒታሉ እያለ የጎንደር ተማሪ ለምን ገጠር ጤና ጣቢያ ይላካል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የደምቢያ ወባ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከፈጀ በኋላ ነው። የጎደለው አልጋ ብቻ አልነበረም፤ መንደር ድረስ ወርዶ የሚያክም፣ የቆመውን ውሃ የሚያፋስስ፣ ነፍሰ ጡሯን የሚከታተል ሰው አልነበረም። ስለዚህ ጤና መኮንን፣ የኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያ) አብረው ሠለጠኑ፤ አብረውም ገጠር ወረዱ። የደምቢያዋ ቆላድባ የተማሪ መለማመጃ የሆነችው በዚሁ ነው። በ1970 ገደማ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሐኪሞች ትምህርት ሲጀመር ግን የጤና መኮንን ሥልጠና ተቋረጠ፤ የተመለሰው በ1980ዎቹ ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል። ሐኪም በዛ ማለቴ አይደለም፤ ያለ ሐኪሞቹ ሆስፒታሉ ዛሬ የደረሰበት አይደርስም ነበር። አንዱን ለመትከል ሌላውን መንቀል ግን አልነበረብንም።

የገጠሩ ጥቅም የአሸዋ ዝንብ ነክሳ በምታስተላልፈው በሽታ፣ በካላዛር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ታማሚው መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የወረደ የቀን ሠራተኛ ነው። ዋልካው ሲሰነጠቅ የአሸዋ ዝንብ ስንጥቁ ውስጥ፣ ኩይሳው ውስጥና ግራር ሥር ትውላለች፤ እሱም እዚያው ግራር ሥር ያድራል። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያልፋል፣ ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል። «የት ሰነበትክ?» የሚለው ካጣ የወባ መድኃኒት ደጋግሞ ይውጣል። ጠያቂ ካገኘ ግን ከጣቱ በሚወሰድ የደም ጠብታ ካላዛርን የሚለየው የአርኬ 39 (rK39) ፈጣን ምርመራ ይሠራለታል።

የመጀመሪያው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት በኪሎ 20 ሚሊግራም፣ ፓሮሞማይሲን በኪሎ 15 ሚሊግራም፣ በየቀኑ ለ17 ቀን ነው። ሃምሳ ኪሎ ለሚመዝን ሰው ስቲቦግሉኮኔቱ (በሚሊ ሊትር 100 ሚሊግራም የያዘው) 10 ሚሊ ሊትር ይመጣል፤ በጡንቻ ከሆነ ለሁለት ቦታ ተከፍሎ ይወጋል። ክብደት በዓይን አይገመትም፤ ሚዛን ላይ አውጡት። የኤች አይ ቪ ምርመራ ሳይሠራ አትጀምሩ፤ ቫይረሱ ላለበት ስቲቦግሉኮኔት መርዛማነቱ ይበረታል፣ የሚሰጠውም ሌላ መድኃኒት ነው። የልብ ምት ካስጠረጠራችሁ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) አንሡ፤ የሆድ ሕመምና ትውከት ከበረታ ቆሽቱን አስቡ፤ ጆሮዬ ጮኸብኝ ካለ ፓሮሞማይሲኑን ጠርጥሩ።

የዛሬ ልጆች ዓይናችሁ ከስልክ አይነቀልም፤ መመሪያውን ግን ከእኛ ዘመን ሰዎች ይልቅ እናንተ ታነብባላችሁ። ስልኩ የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ፦ ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳቱ ይለቀዋል፣ እንጀራ ይጥመዋል፣ ደመወዙ እርሻው ላይ ቀርቶበታልና መርፌውን ትቶ ይሄዳል። ያገረሸበት ደግሞ ለማከም ይከብዳል። በመጀመሪያው ቀን አሠሪው ማን እንደሆነ፣ ስንት ብር እንደቀረበት ጠይቁት፤ ለአሠሪው የሚሆን የሕክምና ማስረጃም ያኔውኑ ጻፉለት። በሽታው እንዳላገረሸ የሚታይበትን የስድስት ወር ቀጠሮ ካርዱ ላይ ከመሙላታችሁ በፊትም ያን ጊዜ የት እንደሚሆን ጠይቁት፤ ቀኑ የሰሊጥ አጨዳ ላይ ከዋለ አይመጣም።