የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ መኪና ዝቅ ለማድረግ የትኛው ሞላ?

ጥያቄ፦ ቶዮታ 86 አለኝ፤ የምውለው ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባለው መንገድ ነው። 40 ሚሊሜትር ዝቅ የሚያደርግ ሞላ አግኝቻለሁ። አሞርዛተሩን (የሞላውን ንጥረት የሚያበርደውን) ሳልነካ ሞላውን ብቻ ብቀይርስ? (አንባቢ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ 40 ለእርስዎ መንገድ ይበዛል። ዋናው አስፋልት በኮሪደር ልማቱ ቢስተካከልም፣ ወደ ውስጥ ሲታጠፉ ኮብልስቶኑ፣ ጉብታውና የሕንፃ ምድር ቤት መኪና ማቆሚያው መግቢያ እንዳሉ ናቸው። ከ20 እስከ 25 ይብቃዎት። ሳይገዙ መሞከርም ይቻላል፦ ዝቅ ሊያደርጉ ባሰቡት ልክ የተቆረጠ ስፖንጅ ከመኪናው ሆድ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይለጥፉ (ከጭስ ማውጫው ይራቅ፣ ይቀልጣል)፤ ከዚያ እንደ ወትሮው ለሳምንት ይንዱ። ስፖንጁ ከተቀደደ በዚያ ቦታ የሚፋቀው የመኪናው ሆድ ነበር።

ሞላ ብቻ ሲቀየር ዕዳው አሞርዛተሩ ላይ ይወድቃል። መኪናው ዝቅ ባለ ልክ ጎማው ወደ ላይ የሚንቀሳቀስበት ርቀት ያጥራል፤ በአሞርዛተሩ ግንድ (በሚገባና በሚወጣው ዘንግ) ላይ ያለው ማቆሚያ ላስቲክ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ዝቅ የሚያደርገው ሞላ ከፋብሪካው ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ሲመለስ በኃይል ስለሚገፋ ያረጀ አሞርዛተር ሊይዘው አይችልም፤ መኪናው ጉብታ ካለፈ በኋላ እየነጠረ ይቀጥላል። ስለዚህ አሞርዛተሩ ብዙ ከሄደ አብረው ይቀይሩት፤ መፍታትና መግጠሙ አንድ ጊዜ ይሆንልዎታል። ማቆሚያውን ላስቲክ የሞላው አምራች ባዘዘው ልክ ማሳጠር ይቻላል፤ አውጥቶ መጣል ግን አሞርዛተሩን በብረት ለብረት ግጭት መስበር ነው።

ያገለገለ አሞርዛተር ከሶማሌ ተራ ከገዙ ጥንዱን ይውሰዱ። ግንዱን እስከ ታች ሲጫኑት ግፊቱ ወጥ መሆን አለበት፤ መሃል ላይ ባዶ የሚሄድበት ቦታ ካለ ወይም ዘይት ካረጠበው ይተዉት። ጋዝ ያለው ሲለቀቅ በራሱ ይወጣል።

ሲገጠም ሁለት ነገር ይጠብቁ። ሞላው በመጨመቂያ ሳይያዝ የላይኛውን ዳዶ ማንም እንዳይፈታ፤ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ሁለተኛው ብዙ ጋራዥ የሚዘለው ነው፦ የብራቾው (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ብሎኖች የሚጠብቁት መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ በብራቾው መጋጠሚያ ያለው ጎሚኒ (ላስቲክ) እንደተጠመዘዘ ይቀራል፤ መኪናው ከታሰበው ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ጎሚኒውም ቶሎ ይቀደዳል። ከፍታውን ከመሬት አይለኩ፣ የጎማው ነፋስ ያሳስታል፤ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ይለኩ፣ ከሥራው በፊትም በኋላም።

ጥያቄ፦ የራሱን ሞላ አንድ ዙር ቆርጦ ማሳጠርስ? ርካሽ ነው ብለውኛል።

መልስ፦ ስድስት የሚሠሩ ዙሮች ካሉት አንዱን ሲቆርጡ ሞላው 20 በመቶ ይጠነክራል፤ አሞርዛተሩ ግን ያው ነው። የተቆረጠው ጫፍ መቀመጫው ላይ በትክክል አይገጥምም፣ ጎማው ሲንጠለጠልም ሊወጣ ይችላል። በእሳት አሙቆ ማውረድማ ከዚህም ይብሳል፤ የብረቱ ጥንካሬ ይጠፋል። የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የራሱን ሞላ መልሶ ማግኘትም ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ ዝቅ ካደረግኩ በኋላ የጎማው ውስጥ ጠርዝ በላ።

መልስ፦ አብዛኛው ሰው ካምበሩን (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉን) ይወቅሳል። ጎማ ቶሎ የሚበላው ግን ከካምበሩ ይልቅ የጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ መዞሩ ነው፤ እሱ በአላይመንት ይስተካከላል። ሞላው እስኪረጋ 200 ወይም 300 ኪሎ ሜትር ነድተው ያስሠሩ፤ ዕለቱን ካሠሩት ዳግም ይከፍላሉ። በ86 ላይ የኋላው ካምበር በፋብሪካው አይስተካከልም፤ ከበዛ የሚስተካከል የታችኛ ብራቾ ያስፈልጋል። ፊት ለፊት ለካምበር የተሠራ ብሎን ይበቃል። መብራቱም አብሮ ይታይ፤ የፊትና የኋላው ዝቅታ እኩል ካልሆነ ጨረሩ አቅጣጫውን ይለውጣል።