«ፓስተር ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ምን ይሠራሉ?»

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። ሦስት ልጆች አሉን። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ምሳ ላይ ወሬያችን ስለ ስብከቱ ነው። «ዛሬ በጣም ረዘመ»፣ «ይሄንን ባለፈውም ሰብከውታል» እንባባላለን። በቀደም ዕለት የ11 ዓመቱ ልጄ «ግን ፓስተር ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ምን ይሠራሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልስለት አጣሁ። ልጆቼ አገልጋይን አክብረው እንዲያድጉ እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ደግሞ «አገልጋይ እናክብር እያልን ሰው ማምለክ ውስጥ እንዳንገባ» ይላል። ዛሬ የምናየውን ሳስብ እሱም እውነት አለው። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጌታ ቤትሽን ይባርክ። ልጅሽ የጠየቀው ተገቢ ጥያቄ ነው። እንዲያውም መጀመር ያለባችሁ ከእሱ ይመስለኛል።

1ኛ ተሰሎንቄ 5፥12-13ን ከልጆችሽ ጋር አንብቡት። ጳውሎስ አገልጋዮችን በፍቅር እንዲያከብሩ ይለምናቸዋል። ከዚያ በፊት ግን በመካከላቸው የሚደክሙትን «ታውቁ ዘንድ» ይላል። ማወቁ ይቀድማል። ልጅ የማያውቀውን ሰው አክብር ሲሉት የሚያከብረው ፈርቶ ነው፣ ወይም ለይሉኝታ። እኛም ትልልቆቹ ከዚህ አንሻልም። ፓስተራችንን የምናውቃቸው እሁድ መድረክ ላይ በሚቆሙባት 40 ደቂቃ ነው። ምሳ ላይ የምንተቸውም ያችኑ 40 ደቂቃ ነው።

አንድ ፓስተር ወዳጅ አለኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ዓርብ አብሬው ዋልኩ። ጠዋት ሆስፒታል ሄድን፤ አንዲት እናት ለቀዶ ሕክምና ልትገባ ነበር። እጇን ይዞ ጸለየላት፣ ልጇን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ አጽናና። ከዚያ ለቅሶ ቤት ገባን። ብዙም አልተናገረም። ድንኳኑ ውስጥ ከሟች ወንድም አጠገብ አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ ሊፋቱ የደረሱ ባልና ሚስት ይጠብቁት ነበር። እኔ ውጭ ቆየሁ። ሲወጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር፤ ምን እንደተባለ አልጠየቅሁም፣ እሱም አልነገረኝም። ቤቱ ስንደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፏል። ባለቤቱ ለምሳ የሠራችውን ሽሮ ሦስተኛ ጊዜ አሞቀችው። ሁለት ጉርሻ እንደጎረሰ ስልኩ ጮኸ። ተነስቶ ወጣ።

የእሁዱን ስብከት መቼ እንደሚያዘጋጅ ጠየቅሁት። «ሌሊት» አለኝ። እሁድ ስብከቱ ትንሽ ተንዛዛ። ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ሰዓቱን ሲያይ አየሁት። ያን ዓርብ አብሬው ባልውል እኔም ሰዓቴን አይ ነበር።

አየሽ፣ የፓስተር ሥራ አብዛኛው አይታይም። የሚያውቀውን ምስጢር አውጥቶ «ዛሬ ይሄን ያህል ደከምኩ» ሊል አይችልም። ስለዚህ ማየት የእኛ ፋንታ ነው። በ2ኛ ነገሥት 4 ያለችውን የሱነም ሴት አስቢ። ኤልሳዕ ያንን መንገድ እንደሚያዘወትር አስተዋለች። ለባሏ ነገረችውና ተመካክረው ፎቅ ላይ ትንሽ ክፍል ሠሩለት። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ አኖሩለት። ይህን ክፍል በጣም እወደዋለሁ። ወርቅ የለበትም። መንገድ የሚያደክመው፣ የሚያነብና የሚጸልይ ሰው ምን እንደሚጎድለው አይታ የሠራችው ነው። ደግሞም ባልና ሚስት ተመካክረው፣ እንደ ቤተሰብ ያደረጉት ነው።

እናንተም ቤት ውስጥ ተመካከሩ። ፓስተራችሁ ምን ይጎድላቸዋል? መልሱ ሁልጊዜ ገንዘብ አይደለም፤ አንዳንዴ ግን ነው፤ ይህንን ማፈር የለብንም። ገላትያ 6፥6 ቃሉን የሚማር ለሚያስተምረው መልካሙን ሁሉ ያካፍል ይላል። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የጠቀሰውም የሚያበራየውን በሬ አፍ አትሰር የሚለውን ሕግ ነው። አውድማ ያየ ሰው ይገባዋል። በገጠር ብዙ ወንጌላውያን እያረሱ ነው የሚያገለግሉት። በከተማም ለልጁ ትምህርት ቤት ለመክፈል የሚጨነቅ አገልጋይ ሞልቷል፤ ችግሩን ለማን ይናገር?

ልጆቹንም አትርሱ። «የፓስተር ልጅ ሆነህ እንዲህ ታደርጋለህ?» የሚለው ንግግር ብዙ ልጆችን አቁስሏል። ለልጅሽ ንገሪው፤ የፓስተሩ ልጅ እንደ እሱው ልጅ ነው። ኳስ ይጫወት፣ ያጥፋ፣ ይቅር ይባል። ለሚስታቸውም እንደዚሁ። የእሷ ቤት የሁሉም ሰው ቤት ሆኖ ስንት ዓመት ቆየ?

አሁን ወደ ባለቤትሽ ስጋት ልምጣ። ልክ ነው። በሐዋርያት ሥራ 14 የልስጥራ ሰዎች ለጳውሎስና ለበርናባስ ኮርማ ሊሠዉ ሲነሱ፣ ሁለቱ ልብሳቸውን ቀደው «እኛም እንደ እናንተ ሰዎች ነን» ብለው ጮኹ። አገልጋይን መለየት ከፈለጋችሁ ይህን እዩ፤ ሰው ሲያገንነው ይደነግጣል ወይስ ደስ ይለዋል? «የቀባኋቸውን አትንኩ» የሚለውንም ቃል ብዙዎች ያለ ቦታው ሲጠቅሱት እሰማለሁ። መዝሙር 105ን ከላይ ጀምራችሁ ብታነቡት የሚናገረው ስለ አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ነው፤ በባዕድ አገር ሲንከራተቱ ነገሥታት እንዳይጎዷቸው እግዚአብሔር እንደጠበቃቸው። አገልጋይ አይጠየቅም ማለት አይደለም። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5 ሽማግሌ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ሊከሰስ እንደሚችል፣ ኃጢአት የሚሠሩትም በሁሉ ፊት እንዲገሠጹ ያዝዛል። ያውም ስለ እጥፍ ክብር ከተናገረ በኋላ፣ በዚያው ምዕራፍ። ስለዚህ ልጆችሽ አንድ አገልጋይ ሲበድል ወይም ሰው ሲጎዳ ካዩ ለአንቺ እንዲነግሩሽ አስተምሪያቸው። በአክብሮት ስም የሚሸፈን በደል የለም።

ስብከት መመርመርም ኃጢአት አይደለም። የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ቃል ከመጻሕፍት ጋር አስተያይተዋል፤ ተመሰገኑበትም። ምሳ ላይ ስለ ስብከቱ መነጋገራችሁን አታቁሙ። መጽሐፍ ቅዱሱን ገበታው ላይ አምጡትና «ዛሬ ምን ያዝክ?» ብለሽ ከትንሹ ጀምሪ። ስህተት ያያችሁበት ነገር ካለ ባለቤትሽ ሄዶ ለብቻቸው በትህትና ይጠይቃቸው። ረዘመ አጠረ የሚለውን ግን ተዉት። ልጅ ከስብከቱ በፊት የሚማረው የእናትና የአባቱን አፍ ነው።

ልጆች ታሪክ ይወዳሉና ስለ ቄስ ጉዲና ቱምሳም አጫውቻቸው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። በደርግ ዘመን ከአገር የመውጣት ዕድል ነበራቸው። መንጋዬን በመከራ ሰዓት ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከአገልግሎት ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ ወደ 10 ዓመት ገደማ ታሰሩ። ይህን ስትነግሪያቸው ሚስትየውን አትዝለያት። የእረኝነት ዋጋ ቤተሰብም ይከፍለዋል።

ለልጅሽ ጥያቄ መልሱን እኔ ባልሰጠው ይሻላል። የፊታችን እሁድ በር ላይ ጠብቋቸውና ራሱ ይጠይቃቸው። ከፈቀዱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲሆን አንድ ቀን አባቱ ይዞት አብረዋቸው ይዋሉ። ጠያቂ የሌለው ታማሚ ጋ ወይም ለቅሶ ቤት ይሂዱ። ምሳ ቋጥሪላቸው። ለሦስት ሰው የሚበቃ ይሁን።