ሐይቅ ስለሚያመጣው በረዶ ከአባላት ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ከሰሜን የሚመጣው ብርድ ደረቅ ነው ይባላል። ታዲያ በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት ያለችውን የቡፋሎን ከተማ የሚቀብረው በረዶ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ በአሜሪካና በካናዳ መካከል ካሉት ታላላቅ ሐይቆች አንዱ ከሆነው ከኤሪ ሐይቅ ነው። ከካናዳ የሚወርደው አየር በእርግጥ ደረቅ ነው፤ ሆኖም በሞቃቶቹ ወራት ሙቀት ሲያጠራቅም በከረመው ውኃ ላይ ሲያልፍ ሙቀትም ተንም ይወስዳል። በዚህ ሁኔታ የሞቀው የታችኛው አየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፤ እየወጣ ሲሄድም ይቀዘቅዝና ተኑ ደመና፣ ደመናውም በረዶ ይሆናል። በኅዳር ማለዳ ሐይቁ ዳር የቆመ ሰው ውኃው ከምድጃ እንደወረደ ድስት ሲጨስ ያያል።

ጥያቄ፦ እጅ የሚያደነዝዝ ውኃ እንዴት ሙቅ ይባላል?

መልስ፦ ሙቅ የተባለው ከአየሩ አንጻር ነው። የትንበያ ባለሙያዎች የሐይቁን ገጽ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካለው አየር ጋር ያነጻጽራሉ፤ ልዩነቱ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከደረሰ መጠንቀቅ ይጀምራሉ። ውኃው 8 ዲግሪ፣ ላይኛው አየር ደግሞ ከዜሮ በታች 10 ቢሆን ልዩነቱ 18 ነው፤ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ከተማ አንዱ ሰፈር ተቀብሮ ሌላው ለምን ይተርፋል?

መልስ፦ ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀው ይህ ነው። ኤሪ ከምዕራብ ደቡብ ምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ ጠባብ ሐይቅ ሲሆን ቡፋሎ በምሥራቅ ጫፉ ላይ ትገኛለች። ነፋሱ ርዝመቱን ተከትሎ ሲነፍስ ከሁለቱም ዳርቻ የሚመጣው አየር መካከል ላይ ስለሚገናኝ፣ ደመናው እንደ መቀነት በቀጠነ አንድ መስመር ይሰበሰባል፤ መስመሩ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ከሥሩ ያለው ሰፈር ብቻ ይቀበራል። በኅዳር 2014 (እ.ኤ.አ.) ከከተማዋ በስተደቡብ ያሉ አካባቢዎች ከ1.5 ሜትር በላይ ሲወርድባቸው፣ በሰሜን ያሉት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ አገኙ። ከሰሜን በኩል ሆኖ ለሚያይ ሰው ደመናው የቆመ ግድግዳ ይመስል ነበር።

ጥያቄ፦ ከታላላቆቹ ሐይቆች በስተምዕራብ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ ያለነውስ?

መልስ፦ በክረምት ብርዱ የሚመጣው በአብዛኛው ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ስለሆነ፣ እናንተ ዘንድ የሚደርሰው ታላላቆቹን ሐይቆች ሳይሻገር ነው። የእናንተ በረዶ የሚመጣው ሰፊ አገር ከሚሸፍኑ ማዕበሎች ነው።

ጥያቄ፦ ሐይቁ በብርድ በረዶ ሆኖ ሲረጋስ?

መልስ፦ ትነቱ ስለሚታገድ በረዶው ይቀንሳል። አማካይ ጥልቀቱ 19 ሜትር ብቻ የሆነው ኤሪ ቶሎ ይረጋል፤ 86 ሜትር የሆነው ሌላው ታላቅ ሐይቅ ኦንታሪዮ ግን ሙሉ በሙሉ የሚረጋው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ከእሱ በስተምሥራቅ ያለው የተግ ሂል ደጋ ክረምቱን ሙሉ በረዶ ሲጫንበት ይከርማል።