መልስ፦ «ታናሹ ልጄ መንቀሳቀስ የማይወደው በዘር ነው?»

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ታላቁ ልጅዎ ገጠር ጥጃ እየጠበቀ እንዳደገና ዛሬም ኳስ ሲያሳድድ እንደሚያመሽ፣ ደብረ ማርቆስ ከገባችሁ በኋላ የተወለደው የ14 ዓመቱ ታናሹ ግን ከስልክ እንደማይላቀቅ ጽፈዋል። «የእናቱ ወገን ደም ነው» ማለትዎን ግን አልቀበልም!

ዘር ድርሻ አለው። ተመራማሪዎች ድርሻውን የሚገምቱት መንታዎችን በማነጻጸር ነው፤ ከአንድ እንቁላል የተገኙት ዘረ መላቸው አንድ ነው ሊባል ይችላል፣ ከሁለት እንቁላል የተገኙት በአማካይ ግማሹን ይጋራሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ የኔዘርላንድ መንታዎች ጥናት ከ13 እስከ 16 ዓመት ባለው ዕድሜ በስፖርት ተሳትፎ ላይ ከሚታየው ልዩነት ከ78 እስከ 84 በመቶው የሚመጣው ከጋራ የቤተሰብ አካባቢ መሆኑን አሳይቷል። ከ18 ዓመት በኋላ ነው የዘር ድርሻ ወደ 85 በመቶ የወጣው። እርግጥ ይህ ስለ ብዙዎች የተሰላ ነው እንጂ በአንድ ልጅ ላይ የሚሰጥ ፍርድ አይደለም። ደግሞም ልጆችዎ አንድ ቤት ይኑሩ እንጂ አካባቢያቸው አንድ አልነበረም፦ አንዱን ሜዳው አሳደገው፣ ሌላውን ጠባብ ግቢ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ የሆነ እንቅስቃሴ ይመክራል። የግድ ኳስ መሆን የለበትም፤ ፈጣን እርምጃም ይቆጠራል። ትምህርት ቤት በእግሩ ይሂድ፤ ቅዳሜ አብረውት ይውጡ፤ ክረምቱን አያቱ ዘንድ ይክረም። ከሁሉ በፊት ግን ምን እንደሚወድ እርሱን ራሱን ጠይቀውት ያውቃሉ?