«ሃያ ኢሜይል ላክሁ፣ መልስ የለም»

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ሜዲካል ስኩል ከማመልከቴ በፊት የምርምር ልምድ እንዲኖረኝ ብዬ ለሃያ ፕሮፌሰሮች ጻፍኩ። አንዳቸውም አልመለሱልኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ነገሩን በልኩ እንያዘው። ኤምዲ (የሕክምና ዶክተርነት ዲግሪ) ብቻ ለሚፈልግ አመልካች ምርምር ማመልከቻውን ያጠነክርለታል እንጂ በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ግዴታ አይደለም። ያለ ምርምር የማይታሰበው ሕክምናንና የምርምር ዶክትሬትን አጣምሮ የሚሰጠው ኤምዲ-ፒኤችዲ ነው። ስለዚህ ከሕመምተኞች ጋር የምታሳልፊውን ሰዓት ለላብ (ለላቦራቶሪ) ብለሽ አትቀንሺ።

ስም እየቀየርሽ አንዱኑ ደብዳቤ ልከሽ ከሆነ ዝምታው አያስገርምም። አምስት ስድስት ሰው ብቻ ምረጪ። ለጤና ምርምር ገንዘብ የሚሰጠው የአሜሪካ መንግሥት ተቋም ኤንአይኤች «ሪፖርተር» የሚባል ለሁሉም ክፍት የሆነ የመረጃ ቋት አለው። የዩኒቨርሲቲሽን ስም ስታስገቢ ማን በምን ርዕስ ገንዘብ እንዳገኘና ገንዘቡ መቼ እንደሚያበቃ ታያለሽ። ገንዘቡ ሊያልቅበት ጥቂት ወር የቀረው ፕሮፌሰር አዲስ ሰው ለመቀበል ያመነታል።

ኢሜይሉ ከ150 ቃል አይብለጥ። ከቅርብ ጊዜ ጽሑፋቸው የሳበሽን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጥቀሺና ወደ ሰዓትሽ እለፊ። ብዙው ተማሪ የሚስተው እዚህ ነው። «በሳምንት አሥር ሰዓት አለኝ» ማለት አይበቃም፤ በክፍሎች መካከል የተበጣጠሰ አንዳንድ ሰዓት ላብ ውስጥ ምንም አይሠራበትም። ፒሲአር (ዲኤንኤን የማባዛት ሥራ) አዘጋጅቶ፣ ማሽኑ እስኪጨርስ ጠብቆ፣ ውጤቱን ጄል ላይ ማየት ግማሽ ቀን ይበላል፤ ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲን የመለየት ሥራ) ብዙ ጊዜ ያድራል። «ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ነፃ ነኝ» በዪ። ሲቪና ትራንስክሪፕት አያይዢ፤ ከሳምንት በኋላ አንዴ አስታውሺና ካልመለሱ ተያቸው። ለፖስትዶኩ (ዶክትሬቱን ጨርሶ በፕሮፌሰሩ ላብ ለሚሠራው ተመራማሪ) መጻፍም ያዋጣል፤ በየቀኑ የሚያሠለጥንሽ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው፣ የድጋፍ ደብዳቤሽም ላይ የሚጻፈው ቁም ነገር ከእሱ ይመጣል። ስለዚህ ሲያነጋግሩሽ «ማን ያስተምረኛል? ከኔ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ምን ያህል ቆዩ?» ብለሽ ጠይቂ።

ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ጥናት ከሆነ፣ አይአርቢ (በሰው ላይ የሚደረግ ምርምርን ሥነ ምግባር የሚገመግመው ኮሚቴ) አስቀድሞ ማጽደቁን አረጋግጪ። ካልጸደቀ ሴሚስተሩ ወረቀት ስትጠብቂ ሊያልፍ ይችላል። ከጸደቀ ግን የሚቀረው ስምሽን ማስጨመርና የሰው ተሳታፊዎች ጥበቃ ሥልጠና በኦንላይን መውሰድ ነው።

በአሜሪካ በጋ (ሰመር) የሚካሄደው አርኢዩ፣ ማለትም ለዲግሪ ተማሪዎች የሚከፈልበት የምርምር ፕሮግራም፣ ጥሩ ነው፤ ብዙዎቹ ማመልከቻ የሚዘጉት ግን ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ነው። በኤፍ-ዋን (የተማሪ) ቪዛ ያለሽ ከሆነ አትድከሚ፤ ለዜጎችና ለግሪን ካርድ ባለቤቶች ነው።

ሕትመት ላይ ስምሽ ባይወጣ አትጨነቂ። የሜዲካል ስኩል የጋራ ማመልከቻ የሆነው ኤኤምካስ ለአንድ እንቅስቃሴ መግለጫ የሚሰጥሽ ክፍተትን ጨምሮ 700 ፊደል ብቻ ነው፤ እዚያ ውስጥ ጥያቄው ምን እንደነበረና አንቺ በእጅሽ ምን እንደሠራሽ መግባት አለበት። ለዚህ ቢያንስ አንድ ዓመት በአንድ ላብ መቆየት ሦስት ላብ ከመቀያየር ይሻላል። ማመልከቻው ጠቅላላ ሰዓትም ስለሚጠይቅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ በደብተር መዝግቢ።