ኮምፒዩተሩን ከመቀየርህ በፊት ቀጭኗን ቱቦ እያት

ወንድሜ፣ እንደ ነገርከን መኪናህ በፈረንጆች 1998 የተሠራች ኢንጀክሽን ኮሮላ ናት። ጠዋት ደህና ትነሳለች፤ ስትሞቅ ግን ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጥ ቆማ ስትሠራ) ትንቀጠቀጣለች። ዓባይ ድልድይ ላይ ሰልፍ ሲያጋጥምህ ደግሞ ድርግም ትላለች፣ የኋላህ ባጃጅ ሁሉ ይጮህብሃል። ቤንዚን ትሸታለች፣ መብላትም ጀምራለች። መካኒኩ «ኮምፒዩተሯ (ቤንዚኑን የሚመጥነው ሳጥን) ሞቷል» ብሎሃል። እኔ አልመሰለኝም።

መጀመሪያ ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) አስፈታና እያቸው። ጫፋቸው ጥቀርሻ ለብሶ ከጠቆረ ቤንዚን በዝቶባታል ማለት ነው። ሽታው እንደዚያ ነው የሚለኝ።

የእኔም ኮሮላ ያንተን ዓይነት ጠባይ ነበራት፤ ጥፋቱ የተገኘው ቱቦ ላይ ነው። ሞተሩ የሚያስገባውን አየር የሚገምተው ከሞተሩ ኋላ ግድግዳው ላይ የታሰረ ትንሽ የቫኩም ሴንሰር ነው። ከማኒፎልዱ፣ ማለትም አየሩን ለሞተሩ ከሚያከፋፍለው ክፍል፣ ወደ እሱ ቀጭን የጎማ ቱቦ ይሄዳል። ጎማው ሲያረጅ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል። እንዲሁ ስታየው ጤነኛ ነው፤ ጠምዘዝ ስታደርገው ነው ስንጥቁ የሚከፈተው። በዚያ አየር ሲገባ ኮምፒዩተሩ መኪናዋ ዳገት የምትወጣ ይመስለውና ቤንዚን ይለቅባታል። ቱቦው ደግሞ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም።

የብልሽት ኮድ ለማየት ስካነር አትፈልግ። ሞተሩ ጋ ባለችው የምርመራ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 (TE1) የተባለውን ቀዳዳ ከኢ1 (E1) ጋር በሽቦ አገናኝና፣ ሳታስነሳ ቁልፉን ክፈት። የቼክ ኢንጅን መብራቷ ብልጭታ ኮዱን ይነግርሃል። 31 (ሦስት ብልጭታ፣ ትንሽ ቆይታ፣ አንድ ብልጭታ) የቫኩም ሴንሰር፣ 22 የውሃ ሙቀት ሴንሰር ነው። እኩል እየጠበቀች ብቻ ብልጭ ካለች ኮድ የለም። ይሁንና የተሰነጠቀ ቱቦ ኮድ ላይሰጥ ስለሚችል በዚህ አትዘናጋ።

ቱቦው ደህና ከሆነ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን በቴስተር ለካ። 20 ዲግሪ ላይ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ከ200 እስከ 400 ኦም ማሳየት አለበት። ሞተሩ ፈልቶም ሺዎች ካሳየህ፣ ለኮምፒዩተሩ ቀኑን ሙሉ ጠዋት ነው፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ እየመሰለው ቤንዚን ይጨምራል!

አቧራ እየጠጣህ ወደ ጢስ ዓባይ የምትመላለስ ከሆነ የአየር ፊልትሮውን አራግፍ፣ ትሮትሉንም (ነዳጅ ስትረግጥ ለአየሩ የሚከፈተውን በር) በክሊነር አስጠርግ። በጀሪካን ቤንዚን ከቀዳህ የነዳጅ ፊልትሮውንም ቀይር።

«ሚኒሞውን በቡሎን ከፍ ላድርግልህ» የሚልህን ግን እሺ አትበል። ለጊዜው አትጠፋም፣ ቤንዚኑን ግን ትጠጣዋለች። የካንዴላዎቹን ፎቶ እዚሁ ለጥፍልን።